የባልጩት ጠመንጃው መተኮሻ እውነት ቦታውን ስቷል?

ጥያቄዎን ከነፎቶዎቹ ደጋግሜ አየሁት። ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። በሜሪላንድ የሚኖሩ ወንድማችን ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ላንካስተር አካባቢ፣ ባለቤቱ ካረፈ በኋላ ዕቃው ከተሸጠበት ቤት አንድ ረጅም ባለባልጩት ጠመንጃ ገዝተዋል። በርሜሉ ባለስምንት ገጽ ነው፤ ርዝመቱ 104 ሴንቲሜትር ነው። ግራ ያጋባቸው መተኮሻው፣ ማለትም በባልጩት ብልጭታ ባሩዱን የሚያነድደው በጎኑ ያለ ሥራ፣ ነው። ከባሩዱ ሳህን፣ ማለትም ማቀጣጠያው ባሩድ ከሚፈስበት ጎድጓዳ ብረት፣ ጀርባ የቆመችው ትንሽ የብረት ከለላ ከበርሜሉ መጨረሻ ጋር እኩል መግጠም ሲገባት 5 ሚሊሜትር ያህል ወደ ፊት ቀድማለች። ከሳህኑ ነበልባሉ ወደ በርሜሉ የሚገባበት የእሳት ቀዳዳ የክብሪት እንጨት እንደ ልብ የሚያስገባ ሆኖ ሰፍቷል። በበርሜሉ ላይኛ ገጽ ደግሞ፣ ከኋላ ማነጣጠሪያው በስተጀርባ፣ ሌላ ብረት የተለጠፈ የሚመስል ነገር አለ። አንድ ጠጋኝ አይቶ «መተኮሻው የሌላ ጠመንጃ ነው፤ ወደ ኋላ ልግፋልህና አዲስ ቀዳዳ ልብሳለት» ብሏቸዋል። ጥያቄያቸው «እውነቱን ነው? ልስጠው?» የሚል ነው። ስለ ሕጉም ጠይቀዋል፤ መተኮስም እንዳማራቸው ጽፈዋል።

አይስጡት። ምክንያቱን በዝርዝር እነግርዎታለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ የሚሠሩት ነገር አለ።

ይህ ጠመንጃ ጎርሶ እንደሆነና እንዳልሆነ ያረጋግጡ። ባሩድ እርጥበት ካላገኘው በ200 ዓመትም ባሩድነቱን አይተውም። በእጄ ካለፉት አሮጌ ጠመንጃዎች መካከል በሆዳቸው ባሩድና አረር ይዘው የመጡ ነበሩ። አንዱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ልጆች ምላጩን እየሳቡ ሲጫወቱበት የኖረ ነው። መፈተኑ ቀላል ነው። አፈሙዙን ወደ ራስዎም ወደ ሰውም ሳያዞሩ፣ መዶሻው (ባልጩቱን የያዘው ክንድ) ወርዶ ባለበት፣ ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ እስኪቆም ድረስ ቀስ አድርገው ያስገቡ። የብረት ዘንግ አይሁን። በአፈሙዙ ጠርዝ ልክ ዘንጉ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ አውጥተው በበርሜሉ ጎን ላይ ያጋድሙትና ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር ያስተካክሉ። ባዶ ጠመንጃ ከሆነ የዘንጉ ጫፍ የእሳት ቀዳዳው ላይ ወይም ከእሱ አንድ ሁለት ሚሊሜትር አለፍ ብሎ ይገኛል። ከቀዳዳው ከ3 እስከ 6 ሴንቲሜትር ቀድሞ ከቆመ ውስጡ ባሩድና አረር እንዳለ ይቁጠሩት፤ ሌላ ምንም ሳይነኩ ወደ ሚያውቅ ሰው ይውሰዱት። እኔ በሥራ ቤቴ ይህን ሳልፈትን አንድ ብሎን አልፈታም።

ባዶ መሆኑ ከታወቀ፣ ያንን ዘንግ አይጣሉት። ለጥያቄዎ ግማሹን መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።

ስለ ስሞቹ ትንሽ ልበል፤ ካልተግባባን እንሳሳታለንና። ሰደፍ፣ አፈሙዝ፣ ምላጭ የምንላቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ፈረንጆቹ «ሎክ» የሚሉትን፣ በጠመንጃው ቀኝ ጎን የተቀበረውን አጠቃላይ ሥራ፣ እኔ መተኮሻ እለዋለሁ። ባልጩቱን በመንጋጋው የሚይዘው መዶሻ ነው። ባልጩቱ የሚፍቀውን፣ ሳህኑንም የሚከድነውን ብረት መጫሪያ እንበለው። በርሜሉ ከኋላ በኩል የሚዘጋበት ባለጥርስ ብረት ውታፍ ነው፤ ከውታፉ ወደ ኋላ ወጥታ በእንጨቱ ላይ የምትተኛው ደግሞ ምላስ። አያቶቻችን ውጅግራና ስናድር ያሏቸው ጠመንጃዎች ከግርጌያቸው የሚጎርሱ ስለሆኑ፣ ብዙ ሰው የዚህም ጠመንጃ ግርጌ የሚከፈት ይመስለዋል። አይከፈትም። ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ ነው የሚገባው፤ ግርጌው አንዴ በውታፍ ከተጠረቀመ እንዲሁ ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጠጋኙ ጠመንጃውን ከውጭ ወደ ውስጥ ነው ያነበበው፤ ከለላዋን አይቶ «አልገጠመም» አለ። የመተኮሻ ቦታ ግን የሚወሰነው ከውስጥ ነው። ውታፉ በርሜሉ ውስጥ የሚያልቅበት ፊት የእሳት ቀዳዳውን ቦታ ይወስናል። ቀዳዳው የሳህኑን ቦታ ይወስናል። ሳህኑ የመተኮሻው አካል ነውና መተኮሻውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ከለላዋ የምታርፍበት ቦታ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው።

በቁጥር እንየው። የውታፉ ጥርስ 5/8 ኢንች፣ ማለትም 16 ሚሊሜትር ያህል፣ ወደ በርሜሉ ገብቷል እንበል፤ ለዚህ ዓይነት ጠመንጃ የተለመደ ልክ ነው። ቀዳዳው ከውታፉ ፊት ቀደም ማለት አለበት፤ 3 ሚሊሜትር ስጡት። ስለዚህ የቀዳዳው መሃል ከበርሜሉ መጨረሻ 19 ሚሊሜትር ላይ ይውላል። ከሳህኑ መሃል እስከ ከለላዋ ጀርባ ያለው ርቀት እንደ መተኮሻው ትልቅነት ይለያያል፤ 12 ሚሊሜትር ብንወስድ ከለላዋ ከበርሜሉ መጨረሻ 7 ሚሊሜትር ቀድማ ትቆማለች ማለት ነው። የእርስዎ 5 ነው። በዚህ ሒሳብ የተሳሳተ ነገር የለም፤ ውታፉ ዕድሜ ልኩን የሚይዝ በቂ ጥርስ ስላለው የመጣ ነው።

ታዲያ «እኩል መግጠም አለበት» የሚለው ከየት መጣ? በብዙ ጥሩ ጠመንጃዎች ላይ ከለላዋ ከበርሜሉ መጨረሻ ጋር በእርግጥ ትገጥማለች ወይም በጣም ትቀራረባለች። ለዓይን ያምራል፤ የምላሷ መነሻ፣ የበርሜሉ ጠርዝና ከለላዋ በአንድ መስመር ሲውሉ ግርጌው ጠበቅ ያለ ይመስላል። ጥቅምም አለው። ከለላዋ ከበርሜሉ ብታልፍ ኖሮ ከጎኗ ብረት ሳይሆን እንጨት ያገኛታል፤ እንጨቱም በእያንዳንዱ ተኩስ ይቃጠላል። ከበርሜሉ መጨረሻ ወደ ኋላ ማለፍ ጥፋት ነው፤ ወደ ፊት መቅደም ግን ጥፋት አይደለም። ያንን ውበት የፈለገ አንጥረኛ ከሁለት አንዱን መክፈል ነበረበት፦ ወይ የውታፉን ጥርስ ወደ 10 ሚሊሜትር ያሳጥራል፣ ወይ ረጅሙን ውታፍ አስገብቶ ፊቱን በቀዳዳው አቅጣጫ በሞረድ ይቦረቡረዋል። ሁለቱንም በአሮጌ ጠመንጃዎች ውስጥ አይቻለሁ። የተቦረቦረው ውታፍ ይሠራል፤ ነገር ግን ቡርቡሩ ጥላሸት ይሰበስባል፣ ለማጽዳትም ያስቸግራል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኖክ በ1787 በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ያስመዘገበው ውታፍ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትቶት ነበር፤ በውታፉ ውስጥ ራሱን የቻለ ትንሽ የባሩድ ክፍል አበጀለት። በእነዚህ የአሜሪካ ረጃጅም ጠመንጃዎች ላይ ግን የሚገኘው በአብዛኛው ደንዳናው ባለጥርስ ውታፍ ነው።

ቀዳዳው ከውታፉ ፊት መቅደሙ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? መዶሻው ሲወርድ ባልጩቱ መጫሪያውን ይፍቃል፤ ከመጫሪያው የተላጡ ቅንጣቶች በአየር ላይ እየነደዱ ሳህኑ ላይ ባለው ደቃቅ ባሩድ ላይ ይወድቃሉ። ሳህኑ ይንበለበላል፤ ነበልባሉ በቀዳዳው ገብቶ ዋናውን ባሩድ ማግኘት አለበት። ቀዳዳው ክፍት ከሆነ ነገሩ በዓይን ጥቅሻ ያልቃል። ውታፉ ግማሹን ከሸፈነው ወይም ቀዳዳው ራሱ በባሩድ ከታጨቀ ግን እሳቱ እንደ ክር እየተቃጠለ ይሄዳል፤ ተኳሹ ሳህኑ ሲነድ ይሰማል፣ ጠመንጃው ዘግይቶ ይተኩሳል። አዳኝ በዚያች ቅጽበት አጋዘኑን ያጣል። ከፍታውም እንዲሁ ነው። እኔ የምወደው ልክ የቀዳዳው መሃል ከሳህኑ አፍ መስመር ጋር ሲተካከል ነው፤ በአድማስ ላይ ግማሽዋ እንደጠለቀች ፀሐይ ማለት ነው። የእርስዎን በፎቶ ሳየው ከዚህ ብዙም አልራቀም።

ስፋቱ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ ቀዳዳ 1.6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የእርስዎ የክብሪት እንጨት ካስገባ ከ2 ሚሊሜትር በላይ አልፏል። ይህ የአገልግሎት ምልክት ነው፤ ትኩስ ጋዝ በተኮሰ ቁጥር በዚያች ቀዳዳ እየወጣ ብረቱን ይልሳል። እስቲ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን የበርሜል ገጽ በባትሪ አግድም አብርተው ይዩት፤ ከቀዳዳው በላይ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉበት ሻካራ መልክ ካለ ይህ ጠመንጃ በባልጩት ዘመኑ ብዙ ሠርቷል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። የባልጩት ጠመንጃዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዛት ወደ ቃፒሳ፣ ማለትም መዶሻ ሲመታት ወደምትነድ ትንሽ የብረት ቆብ፣ ተቀይረዋል። ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት በ1807 በምት የሚነድ ኬሚካል የሚጠቀም መተኮሻ ካስመዘገበ በኋላ መንገዱ ተከፈተ፤ ከ1820ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የመዳብ ቃፒሳ ተስፋፋ። የገጠር አንጥረኛ ሳህኑን ቆርጦ ይጥልና የእሳት ቀዳዳውን አስፍቶ ጥርስ ያወጣለታል፤ በዚያ ላይ ቃፒሳ የሚሸከም አጭር የብረት ክንድ ያስርበታል። ከ100 ዓመት በኋላ ሰብሳቢዎች ባልጩቱን መልሰው ፈለጉት፤ ጠጋኞችም ወደ ኋላ መለሱት። ዛሬ «ንጹሕ ባልጩት» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ይህን ጉዞ ሄዶ የተመለሰ ነው። የተመለሰ ከሆነ በጎን ብረቱ (የመተኮሻው ክፍሎች በታሰሩበት ጠፍጣፋ ብረት) ላይ የተደፈኑ አሮጌ የብሎን ቀዳዳዎች ይኖራሉ፤ ከውጭ ቢሞረዱም ከውስጥ በኩል ክብ ጥላቸው ይታያል። ቀዳዳው ዙሪያ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ክብ የብረት ልጣፍ ይኖራል። ሳህኑ አዲስ ሆኖ ሳለ የጎን ብረቱ በዝገት ይበላል። በላኳቸው ፎቶዎች ላይ ከእነዚህ አንዱንም አላየሁም፤ ነገር ግን የመተኮሻውን የውስጥ ገጽ አላሳዩኝም።

አሁን ወደ ተለጠፈው ብረት እንምጣ። ከሁሉ በላይ ቀልቤን የሳበው እሱ ነው።

ቀዳዳው ሲሰፋ፣ የግርጌው ብረት በጋዝና በዝገት ሲበላ፣ የዚያ ዘመን ባለቤት ጠመንጃውን አይጥለውም። በርሜል ብርቅ ነበር። አንድ የብረት ጠፍጣፋ በዘንግ ዙሪያ እየተጠቀለለ፣ በእሳት እየተበየደ፣ ከዚያ በውኃ ኃይል በሚሠራ መሰርሰሪያ የሚቦረቦር ዕቃ ነው። ሬዲንግ ከተማ አጠገብ በዋዮሚሲንግ ወንዝ ዳር ይህን ብቻ የሚሠሩ ወፍጮዎች ተደርድረው ነበር። ስለዚህ አንጥረኛው ውታፉን ፈትቶ የተበላውን ግርጌ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ቆርጦ ይጥላል፤ አዲስ ጥርስ ያወጣል፤ ውታፉን መልሶ ያስርና አዲስ የእሳት ቀዳዳ ይበሳል። በርሜሉ ያን ያህል ወደ ኋላ ተንሸራቶ መተኮሻው ወዳለበት ይመጣል። ልብ ይበሉ፤ መተኮሻው ከቦታው አልተነሳም፤ የተነሳው በርሜሉ ነው።

በርሜሉ ወደ ኋላ ሲንሸራተት በላዩ ያለው ሁሉ አብሮ ይንሸራተታል። የኋላ ማነጣጠሪያው ለዓይን በጣም ይቀርባል፤ ስለዚህ ነቅለው ወደ ፊት ያስቀምጡታል፣ የድሮ መቀመጫውን ቦይ ደግሞ በብረት ይደፍኑታል። የእርስዎ ልጣፍ ከማነጣጠሪያው በስተጀርባ መሆኑ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ግን አንድ ምስክር አይበቃም። በርሜሉ ከእንጨቱ ጋር የሚያያዘው ከሥሩ በተሰኩ ትንንሽ የብረት ጆሮዎች ነው፤ በእነሱ ውስጥ ቀጫጭን ፒኖች በእንጨቱ አልፈው ይገባሉ። በእንጨቱ ያሉት የፒን ቀዳዳዎች አልተንቀሳቀሱም፤ የበርሜሉ ጆሮዎች ግን ተንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ አንጥረኛው ለጆሮዎቹ አዲስ ቦይ ወደ ፊት ቀደም ብሎ መቁረጥ ነበረበት። በርሜሉን አንስተው ሥሩን ሲያዩ ከእያንዳንዱ ጆሮ ጀርባ አንድ ባዶ ወይም የተደፈነ ቦይ ካገኙ፣ ርቀቱን በካሊፐር ይለኩ። ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ላይ ካለው ልጣፍ ርቀት ጋርም ከተቀራረበ፣ ከግርጌው የተቆረጠው ልክ እሱ ነው። እንዲህ ያለ መልስ ሲገኝ ደስ ይለኛል፤ ስሙ ያልተጻፈ አንድ አንጥረኛ በሞረዱ የተወልን ደብዳቤ ነው።

በርሜሉን ማንሳቱን ግን ይጠንቀቁበት። ፒኖቹን በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከፒኑ በሚያንስ ለስላሳ የነሐስ ዘንግ ነው የሚገፉት። የምላሷን ብሎን መጀመሪያ ይፍቱ። ካቻቢቴው ከብሎኑ ጭንቅላት ስንጥቅ ጋር በትክክል የማይገጥም ከሆነ አይሞክሩት፤ ስንጥቁ ከተበላሸ አይመለስም። የሜፕል እንጨቱ በአፈሙዙ በኩል 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ የቀረበት ቦታ አለ፤ በጉልበት ካነሱት ይሰነጠቃል። እጅዎ ካልለመደ ይተዉትና ሰው ይፈልጉ።

ውታፉን ግን ማንም እንዳይፈታው። ይህን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ አሮጌ በርሜል በሞርሳ አስሬ፣ ውታፉን በረጅም መፍቻ ለመፍታት ታገልኩ። አልነቃነቅ ሲል ጉልበት ጨመርኩ። ዞረልኝ ብዬ ስደሰት የዞረው ውታፉ አልነበረም፤ ግርጌው ላይ የድሮው የብየዳ መስመር ተከፍቶ ነበር። ከ180 ዓመት በላይ የያዘ ብየዳ በእኔ እጅ አበቃ። ባለቤቱ ይቅር ብሎኛል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «ውስጡን ለማየት» ብዬ ውታፍ ፈትቼ አላውቅም። ውስጡን ለማየት ሌላ መንገድ አለ። ቅድም የተለካው ዘንግ የውታፉን ፊት ቦታ ነግሮዎታል። ደግሞ ቀጭን የነሐስ ሽቦ ወስደው ጫፏን 2 ሚሊሜትር ያህል ወደ ጎን ይቆልምሟት። በእሳት ቀዳዳው አስገብተው የተቆለመመውን ጫፍ ወደ ኋላ አዙረው ይሳቡ፤ የምትነካው ግድግዳ የውታፉ ፊት ነው። ወዲያው ከነካች ቀዳዳው ከፊቱ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው፤ ምንም ሳትነካ ከዞረች ነፃ ቦታ አለ፤ ጎድጎድ ያለ ነገር ውስጥ ከገባች ደግሞ ውታፉ ተቦርቡሯል። ትንሽ ካሜራ ያለው ባለሙያ ካገኙ ሁሉንም በአንድ ደቂቃ ያሳይዎታል።

እንግዲህ ጠጋኙ እንዳለው መተኮሻው 5 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ቢገፋ ምን ይከተላል? ከላይ ባየነው ሒሳብ አዲሱ ቀዳዳ ከበርሜሉ መጨረሻ 14 ሚሊሜትር ላይ ይወድቃል። ውታፉ 16 ሚሊሜትር ገብቶ ከሆነ መሰርሰሪያው ባዶ ቦታ ውስጥ ሳይሆን የውታፉ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ጠመንጃው አይተኩስም፤ ከዚያ «እናስተካክለው» ብለው ውታፉን ይፈታሉ፤ የኔን ጥፋት ይደግማሉ። በአንድ ስሙን በማልጠራው ሱቅ ልክ እንዲህ የተሠራ ጠመንጃ አይቻለሁ፤ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፣ አንዱ በብየዳ የተደፈነ፣ ሌላው የትም የማያደርስ።

ችግሩ በቀዳዳው አያበቃም። መተኮሻውን ከግራ በኩል ተሻግረው የሚይዙት ብሎኖች አሉ፤ በቀደሙት ሁለት፣ በኋላ ዘመን በተሠሩ ብዙዎቹ አንድ። የኋላው ብሎን ከውታፉ ጀርባ ተጠግቶ ያልፋል፤ አንዳንዴ የውታፉ ሥር ለእሱ ሲባል በሞረድ ተበልቷል። የፊተኛው በበርሜሉና በመጎስጎሻው ዘንግ ቀዳዳ መካከል ነው መሹለኪያው፤ እዚያ የቀረው እንጨት ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። አንጥረኛው ያቺን መንገድ ለማግኘት ወይ የበርሜሉን ሥር ጥቂት ይጎደጉዳል፣ ወይ ብሎኑን የዘንጉን ቀዳዳ ጠርዝ አስነክቶ ያሳልፋል። 5 ሚሊሜትር መግፋት ማለት እነዚህን ሁሉ እንደገና መብሳት ነው። በውስጥ ደግሞ ምላጩ ወደ ላይ የሚገፋው ክንድ አለ፤ መተኮሻው ሲሄድ ክንዱም ይሄዳል፤ ምላጩ አይደርስበትም። ከዚያ ምላጩን ያነሳሉ፣ የምላጩን ብረት ይቆርጣሉ፣ እንጨቱን በሙጫና በቁራጭ ይሞላሉ። ከዚህ በኋላ የቀረው ጠመንጃ የማን ሥራ ነው?

መተኮሻው የሌላ ነው ወይ ለሚለው ግን ቀጥተኛ መልስ አለኝ፦ የሌላ አገር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን እንከን አይደለም። የፔንሲልቬንያ አንጥረኞች በአብዛኛው ጀርመንኛ ተናጋሪ ስደተኞችና ልጆቻቸው ነበሩ። ከጀርመን አጭሩንና ወፍራሙን የአደን ጠመንጃ ይዘው መጡ፤ እዚህ በርሜሉን አስረዝመው፣ አፉን አጥብበው፣ ሌላ ጠመንጃ አደረጉት። ጃኮብ ዲከርት በ1740 ማይንትስ ተወልዶ በልጅነቱ ተሻግሮ ላንካስተር ውስጥ ስሙን የተከለ ነው፤ ክርስቲያን ኤርተር ደግሞ በዚያው በፔንሲልቬንያ ናዝሬት በተባለችው የሞራቪያውያን (የአንድ ፕሮቴስታንት ማኅበር) ከተማ አጠገብ፣ ክርስቲያንስ ስፕሪንግ በሚባል ሰፈራቸው ይሠራ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች እንጨቱን ይቀርጻሉ፣ ነሐሱን ያቀልጣሉ፣ በርሜሉን ይሞርዳሉ፤ መተኮሻውን ግን ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝ ወይም ከጀርመን የመጣውን ከነጋዴ ይገዙ ነበር። በርሚንግሃም የነበረው የኬትላንድ ቤት ማኅተም ያለባቸው መተኮሻዎች በአሜሪካ ጠመንጃ ላይ በብዛት ይገኛሉ። አንጥረኛው በእጁ የገባውን መተኮሻ ይዞ ነው ጠመንጃውን የሚያስበው። አንዱ ሳህኑ ከከለላው ይርቃል፣ ሌላው ይቀርባል። ሁሉም አንድ ልክ ላይ እንዲውሉ መጠበቅ ዛሬ በፋብሪካ ከለመድነው የመጣ ሐሳብ ነው።

የጎን ብረቱ ከበርሜሉ ጎን ጋር የገጠመበትን ቦታ ይዩልኝ። የመተኮሻው ወፍራም ትከሻ በበርሜሉ ገጽ ላይ ክፍተት ሳይተው ከተኛ፣ በዙሪያው ያለው እንጨትም ጥርት ብሎ ከተከተለው፣ እንጨቱ ለዚያ መተኮሻ የተቆፈረ ነው። የሌላ መተኮሻ የተተካበት ከሆነ በጫፎቹ ቁራጭ እንጨት ወይም ሰም ይገኛል። እግረ መንገድዎን ከምላሷ ጫፍ ኋላ ያለውን እንጨትም ይመልከቱ። ትንሽ የእንጨት ልጣፍ ካለ፣ ወይም የምላሷ ቦታ ወደ ኋላ የተራዘመ ከመሰለ፣ ግርጌውን የቆረጠው አንጥረኛ ለረዘመ ጥርስ ቦታ ፈልጎ በርሜሉን ከድሮው አልፎ አስገብቶታል፤ ያኔ 5 ሚሊሜትሯ እሱ ያመጣት ናት። ልጣፍ ከሌለ ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነበረች።

ስለ ሕግ ላነሱት፦ በ1968 የወጣው የፌዴራል የመሣሪያ ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራን ጠመንጃ ጥንታዊ ይለዋል፤ የግዛትዎን ደንብ ግን ለብቻው ይጠይቁ። ከሽያጩ የተቀበሉትን ደረሰኝም በደንብ ያስቀምጡ። ኤርተር በ1775 የሠራው አንድ ጠመንጃ በ1971 በፔንሲልቬንያ ካለው ቫሊ ፎርጅ ከሚባል ታሪካዊ ፓርክ ተሰርቆ ከ46 ዓመት በላይ ጠፍቶ ከኖረ በኋላ በ2018 ተመልሷል፤ በመጨረሻ የተገኘው በዚያው በፔንሲልቬንያ ከተሸጠ ዕቃ መካከል ከገዛው ሰው እጅ ነው። ገዥው ራሱ ምን እንደያዘ ሲገባው አሳወቀ። በበርሜልዎ ላይኛ ገጽ፣ በግርጌውና በማነጣጠሪያው መካከል፣ ስም ወይም የስም ፊደላት ካሉ በዱቄት ጠመኔ ቀስ ብለው አሻሽተው ፎቶ ያንሱት፤ በሽቦ ቡሩሽ እንዳይነኩት። ዝገቱንም አያጽዱት፤ ቡናማው መልክ የበርሜሉ ቆዳ ነው። ቀለል ያለ ዘይት በጨርቅ ይበቃዋል።

መተኮስ አምሮኛል ላሉት፣ በዚህኛው አይተኩሱ። የተበላ ቀዳዳና የ200 ዓመት ብየዳ ይዞ ፊትዎ አጠገብ ነው የሚነደው። ለመተኮስ ዛሬ በአዲስ ብረት የሚሠሩ ተመሳሳዮች አሉ፤ ይህኛው ጠመንጃ ግን ታሪኩ ይነበብበት።

ዘንጉን፣ የሽቦዋን መልስና የመተኮሻውን የውስጥ ገጽ ፎቶ ይላኩልኝ። በርሜሉ ከተነሳ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጆሮ ጀርባ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይጻፉልኝ፤ በዚያ ከግርጌው ስንት እንደተቆረጠና ጠመንጃው ሲሠራ በርሜሉ ስንት ሴንቲሜትር እንደነበር አስልቼ እነግርዎታለሁ።